ውሃና ሸሪዓ፦ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

አሰላሙ ዐለይኩም። ዛሬ ስለ ውሃ ነው። ዓመታት ያሳለፍኩት በውሃ ድርሻ ፊቅህ (የሸሪዓ ሕግ ትምህርት) ላይ ነው፤ ማን ቀድሞ ያጠጣል፣ ምን ያህል ይይዛል፣ የተረፈው ወዴት ይሄዳል የሚለው። እዚያ ላይ እንደልባችሁ ጠይቁ። አደራ፣ ሐዲስ (የነቢዩን ንግግርና ተግባር ዘገባ) ስታነሱ ደረጃውን፣ ማለትም ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ፣ አጣርታችሁ አንሱ።

ጥያቄ፦ ኡስታዝ፣ ለውዱእ (ከሶላት በፊት ለሚደረገው ትጥበት) ስንት ውሃ ይበቃል?

መልስ፦ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውዱእ ያደርጉ፣ ከአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ ባለው ገላቸውን ይታጠቡ እንደነበር ባልደረባቸው አነስ ነግረውናል። ሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሙድ ማለት መካከለኛ ሰው ሁለት እጁን ገጥሞ የሚይዘው ነው፤ አራቱ አንድ ሷዕ ይሆናል። በሊትር ሲሰላ ሙድ ከግማሽ ሊትር ትንሽ ይበልጣል። እኔ ባለአንድ ሊትር ጠርሙስ ሞልቼ ሞክሬዋለሁ። ቀጭን አድርጌ እያፈሰስኩ፣ በእጄ እያሸሁ እግሬን ስጨርስ ሲሶው ገና ጠርሙሱ ውስጥ ነበር። ቧንቧውን ከፍታችሁ እጅጌ የምትሰበስቡ ሰዎች፣ እባካችሁ መጀመሪያ ሰብስቡ፣ ከዚያ ክፈቱ።

ጥያቄ፦ «በሚፈስ ወንዝ ዳር ብትሆንም አታባክን» የሚለው ሐዲስ ሰሂህ (ትክክለኛ) ነው አይደል?

መልስ፦ ደረጃውን አጣሩ ያልኩት ለዚህ ነው። ኢብን ማጃህ ዘግበውታል፤ ሰነዱን (የዘጋቢዎቹን ሰንሰለት) ብዙ ሊቃውንት ደዒፍ (ደካማ) ብለውታል። ማባከን ክልክል መሆኑ ግን በእሱ ብቻ አልቆመም። አል-አዕራፍ 31 «ብሉ፣ ጠጡም፣ አታባክኑም» ይላል።

አንድ አባል፦ ደዒፍ ከሆነ ታዲያ ለምን በየውዱእ ቦታው ይለጠፋል? መነሳት አለበት።

ሌላ አባል፦ ለምን ይነሳል? ኢማም ነወዊ በመልካም ሥራ ማነሳሻ ላይ ደዒፍ ይጠቀሳል ብለዋል እኮ።

አንድ አባል፦ ሁሉም አልተስማማበትም። ደግሞ ደዒፍ መሆኑ ሳይነገር ነው የሚለጠፈው።

መልስ፦ ወንድሞች፣ ይሄ የሐዲስ ሳይንስ ክርክር ነው፣ ለሌላ ቀን ይቆየን። በቦታው የቁርኣኑን አንቀጽ ለጥፉ፣ አለቀ።

ጥያቄ፦ ኢስላም ስለ ውሃ ምን ይላል?

መልስ፦ ጥያቄህን አጥብብልኝ ወንድሜ።

ጥያቄ፦ ማሳዬ ከታች ነው። የላይኛው ጎረቤቴ ቦዩን ዘግቶ ሁሉንም ይወስደዋል። መብቱ ነው?

መልስ፦ ይሄን ነበር የምጠብቀው። መዲና ውስጥ ሐራ ከሚባለው ድንጋያማ ቦታ የሚወርድ ቦይ ነበር። የነቢዩ ባልደረባ ዙበይር ከላይ፣ አንድ የአንሷር (የመዲና ሙስሊሞች) ሰው ከታች ሆነው ተምራቸውን ያጠጡበታል። ሰውየው «ውሃውን ልቀቀው ይለፍ» አለ፣ ዙበይር እምቢ አሉ፣ ነገሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ደረሰ። እሳቸውም «ዙበይር፣ አጠጣና ወደ ጎረቤትህ ልቀቀው» አሉ። ሰውየው ተቆጣ፤ «የአክስትህ ልጅ ስለሆነ ነው» አለ። የነቢዩ ፊት ተለዋወጠ። ከዚያ «አጠጣ፣ ውሃው ከግድቡ ሥር እስኪደርስ ያዘው» አሉ። የመጀመሪያው የማስታረቂያ ሐሳብ ነበር፤ ሁለተኛው የዙበይርን ሙሉ መብት ሰጣቸው። ሙሉ የተባለውም ተለክቶ ቁርጭምጭሚት ድረስ ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፣ የላይኛው ይቀድማል፣ ግን ሙሉ መብቱም ልክ አለው። ከዚያ በላይ የሚይዘው የጎረቤቱን ነው። ቡኻሪ ውስጥ፣ መንገድ ላይ ትርፍ ውሃ እያለው መንገደኛን የከለከለ ሰው አላህ በትንሣኤ ቀን ከማይመለከታቸው ሦስት ሰዎች ተቆጥሯል። ይሄ ያስፈራኛል፣ እውነቴን ነው።

ኦማን ውስጥ አፍላጅ የሚባሉትን ቦዮች አስቡ። ድርሻው በሰዓት ነው፤ ቀን በፀሐይ ጥላ፣ ሌሊት በከዋክብት ይለኩ ነበር። አምስቱን ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ጎረቤትህ ጋ ሽማግሌ ይዘህ ሂድና ተራውን በሰዓት አካፍሉት።

ጥያቄ፦ ውሃ መሸጥ ሐራም ነው?

መልስ፦ «ሙስሊሞች በሦስት ነገር ተጋሪ ናቸው፤ በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት» የሚለውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ይህ ወንዙንና ዝናቡን ይመለከታል። ቀድተህ በዕቃህ የያዝከውን መሸጥ አብዛኞቹ ሊቃውንት ፈቅደዋል።

ጥያቄ፦ ለውዱእ ስንት ሊትር ይበቃል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ ሳትጠይቁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ታክሞ በጸዳ ፍሳሽ ውዱእ ይቻላል?

መልስ፦ የሳዑዲ ታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤት በ1978 እ.ኤ.አ. ፈቅዷል፤ ቀለሙ፣ ጣዕሙና ሽታው ወደ ቀድሞው ከተመለሰ። ለጤና የሚሆን መሆኑን ባለሙያ ይንገራችሁ።

ጥያቄ፦ ሦስት ጊዜ አጥቤም «አልደረሰም» እያልኩ እደግማለሁ። አንዳንዴ ሶላት ያልፈኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ፣ ይሄ ወስዋስ (እረፍት የሚነሳ ጥርጣሬ) ነው። ነቢዩ ሦስት ሦስት ጊዜ አጥበው አሳይተው «ከዚህ የጨመረ በደለ» ብለዋል። ስለዚህ አራተኛው ጥንቃቄ አይደለም። ውሃሽን በጠርሙስ ለክተሽ ግቢ፤ ሲያልቅ ውዱእሽም አልቋል፣ ወጥተሽ ስገጂ።

ጥያቄ፦ የዝናብ ሶላት እንዴት ይሰገዳል?

መልስ፦ ኢማማችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በአባቴ ስም ጉድጓድ ማስቆፈር እፈልጋለሁ። ምን ላስብ?

መልስ፦ አላህ ይቀበልህ። የነቢዩ ባልደረባ ዑስማን መዲና ያለውን የሩማን የውሃ ጉድጓድ ገዝተው ለሙስሊሞች ሲሰጡ፣ የእሳቸው ባልዲ ከሌላው ባልዲ እኩል እንዲሆን ነው የሰጡት። አንተም ወረቀቱ ላይ ይሄን አስጽፍ፤ ለእኔም ለቤተሰቤም ቅድሚያ የለም በል። ሁለተኛ፣ ገንዘቡን ሁሉ ቁፋሮ ላይ አትጨርስ። ፓምፑ ይበላሻል። ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነውና ከየት ወጪ እንደሚሆን ከመቆፈሩ በፊት ወስን፤ ቁልፉንም ማን እንደሚይዝ ጻፈው።