ሳይጠመቁ የሞቱትንም ይቁጠሩ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አንድ ወንድሟ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ተገርዞ ደሙ አልቆም ብሎ ሞቷል፤ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ገራዡን ይረግማል። አሁን ደግሞ የእህቷ ልጅ በወደቀ ቁጥር ጉልበቱ ያብጣል፤ የወተት ጥርሱ ሲወልቅም ሁለት ቀን ደምቷል። አማቴ «ይህ የአባቱ ወገን ነው፣ በእኛ ዘር የለም» ይላሉ። የእኛ የበኩር ልጅ ወንድ ነው፤ ተገርዞም ምንም አልሆነ። አሁን የሚወለደው ወንድ ቢሆን መስጋት ይገባኛል?
(ስሜ ይቆይ፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ይገባዎታል፤ ግን በልኩ። ልኩን ከደም ምርመራው በፊት የሚነግረን የዘር ሐረጉ ስለሆነ ወረቀትና እርሳስ ያምጡ። እስክሪብቶ አይበጅም፤ አክስቶች ሲሰበሰቡ ስርዝ ድልዝ ይበዛል።

ወንዱን በአራት ማዕዘን፣ ሴቷን በክብ ይሳሉ። ባልና ሚስትን በአግድም መስመር አገናኝተው ልጆቻቸውን ከሥር በዕድሜ ይደርድሩ። ደሙ የማይቆመውን ያጥቁሩት፤ የሞተውን በሰያፍ መስመር ይሰርዙት። የባለቤትዎ ወንድም ጠቁሮ ይሰረዛል፤ የእህቷ ልጅ ጠቁሮ አንድ ትውልድ ዝቅ ይላል። አሁን ከአንዱ ጥቁር ወደ ሌላው በጣትዎ ይሂዱ። መንገዱ በአማትዎና በልጃቸው በኩል ያልፋል፤ በመካከል አንድም ወንድ የለም።

ሄሞፊሊያ የሚባለው፣ ደም በቀላሉ የማይረጋበት ሕመም አካሄዱ እንዲህ ነው። ደም እንዲረጋ የሚያስፈልጉት ፋክተር 8 እና ፋክተር 9 የተባሉ ፕሮቲኖች የሚሠሩባቸው ጂኖች (ከወላጅ የሚወረሱ መመሪያዎች) ያሉት ኤክስ ክሮሞሶም በሚባለው የጂኖች ጥቅል ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ይሸፍንላታል። ወንድ ያለው አንድ ነው፤ እሱንም ያገኘው ከእናቱ ነው። አባት ለወንድ ልጁ የሚሰጠው ዋይ ክሮሞሶምን ነውና የእህቷ ባል ከዚህ ክስ ነጻ ነው። ገራዡም እንዲሁ፤ ምላጩ ደሙን አስጀመረው እንጂ እንዳይቆም ያደረገው እሱ አይደለም። አማትዎንም ማንም እንዳይወቅስብኝ፤ ከታማሚዎቹ ሲሶ በሚሆኑት ላይ ሕመሙ ቀድሞ በዘሩ ሳይታይ የሚጀምር ነው።

በዚህ መንገድ በሰፊው የተጠናው ቤተሰብ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ነው። ልጇ ሊዮፖልድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1884 ወድቆ ተጎድቶ በ30 ዓመቱ ሞተ። ሴቶች ልጆቿ አሊስና ቢያትሪስ ሳይታመሙ ሕመሙን ወደ ሩሲያና ወደ ስፔን ቤተ መንግሥት አደረሱት፤ የመጨረሻው የሩሲያ ንጉሥ ልጅ አሌክሴይ የአሊስ የልጅ ልጅ ነው። በዚያው አቆጣጠር በ2009 የወጣ የአጽም ምርመራ ሕመሙ የፋክተር 9 ጉድለት መሆኑን አሳየ። ዙፋኑን የወረሰው ኤድዋርድ ግን ጤነኛ ነበር፤ ጤነኛ ወንድ ይህን አያወርስምና በእሱ በኩል የመጣው የዛሬው የእንግሊዝ ንጉሣዊ ቤተሰብ አላገኘውም። ባለቤትዎም ጤነኛ ወንድሞች ካሏት የእነሱ ልጆች በእነሱ በኩል አይሰጉም።

እኛ ሰባት ቤት እየቆጠርን የምንጋባ ሰዎች ለዚህ ሥራ የተፈጠርን ይመስላል። ይሁን እንጂ በቃል የምንይዘው የአባት፣ የአያት፣ የቅድመ አያት ስም ነው፤ የቅድመ አያትን እናት ስም የሚያውቅ ስንቱ ነው? ከዚህ የባሰም አለ። ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል፣ በአርባኛው ቀን ክርስትና ይነሣል። በግርዛት የሞተው የክርስትና ስም ሳያገኝ ይቀበርና ከቤተሰቡ ቆጠራ ይወጣል። የምንፈልገው ደግሞ እሱን ነው። ስለዚህ የአማትዎን ታላላቆች ሲጠይቁ «ስንት ልጅ ወለዱ?» አይበሉ፤ በሕይወት ያሉትን ብቻ ይቆጥሩልዎታል። «ስንት ጊዜ አረገዙ? ሳይጠመቅ የሞተ አለ?» ይበሉ፤ ቡናው ከተፈላ በኋላ ቢሆን ይሻላል።

ወደ ልኩ ልምጣ። አማትዎ ተሸካሚ (ራሳቸው ሳይታመሙ የተበላሸውን ኤክስ ለልጅ ሊያወርሱ የሚችሉ) ስለሆኑ የባለቤትዎ ተሸካሚ የመሆን ዕድል ከ2 አንድ ነበር። በኩሩ ጤነኛ መሆኑ ወደ ከ3 አንድ ያወርደዋል፤ ነጻ ግን አያወጣትም፤ ተሸካሚ እናትም ጤነኛ ወንድ ትወልዳለች። የሚወለደው ወንድ ቢሆን የመታመም ዕድሉ እንግዲህ ከ6 አንድ ነው።

ምርመራው ከእህቷ ልጅ ይጀመር፤ የጎደለው የትኛው ፋክተር እንደሆነ የሚታወቀው በእሱ ደም ነው። ከባለቤትዎ ብቻ ቢጀመር ፋክተር 8 በእርግዝና ስለሚጨምር ውጤቱ ያዘናጋል። ለአዋላጆቹ አስቀድመው ይንገሩ፦ ሕጻኑ በመሳቢያ መሣሪያ አይሳብ፣ ከእትብቱ ደም ይወሰድ። ወንድ ከሆነ ውጤቱ ሳይታወቅ አይገረዝ። ፋክተር 9 በማንኛውም አራስ ዝቅ ስለሚል አጠራጣሪ ውጤት ከስድስት ወር በኋላ ይደገማል።

የእህቷ ልጅ ግን ወሊዱን አይጠብቅ፤ በዚህ ሳምንት የደም ሐኪም ይየው። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አይሰጡት፤ ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። ጉልበቱ ሲያብጥም ወጌሻ አይሽው፤ ያበጠው ደም ቋጥሮ ነው፣ ሲታሽ ይብስበታል።