ካርቡራቶሩን ከመቀየርህ በፊት ዘንጉን ነቅንቀው

ከሜሪላንድ የጻፈልኝ ወንድም የ1971 ኤምጂቢ አለው፤ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉት ሁለቱ ኤስዩ (የእንግሊዝ ሥሪት) ካርቡራቶሮች አሁንም ላዩ ላይ ናቸው። ሚኒሞው፣ ማለት ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ በደቂቃ አንዴ 700 ዙር ይወርዳል፣ አንዴ 1500 ይወጣል። ቤንዚን ድንገት ሲረግጥ ሞተሩ ያስላል፣ በካርቡራቶሩ አፍም ይተፋል። ከመግዛቱ በፊት አንድ ጋራዥ "ሠርቶታል"። አሁን ሁለቱን አውጥቶ አንድ ዌበር የሚባል ሌላ ዓይነት ካርቡራቶር ሊገጥም አስቧል። "ልግዛ?" ይለኛል።

ገና ነው፣ ወንድሜ። ደብዳቤህን ሳነብ ሁለት ነገር ጠረጠርኩ፦ የስሮትሉ (ስትረግጥ አየር የሚከፍተው ሳህን) ዘንግ ተበልቷል፣ በካርቡራቶሩ ውስጥ ያለው የፒስተኑ ዘይትም አልቋል።

ከሁሉ በፊት ግን እሳት። በኤምጂቢ ካርቡራቶሩና ጭስ ማውጫው በአንድ ጎን ናቸው። ቤንዚኑ ከላይ፣ የጋለው ብረት ከታች። ሞተሩ በደንብ ሳይቀዘቅዝ አንድም ቱቦ እንዳትነቅል። የባትሪውንም ገመድ ፍታ፤ ባትሪው ያለው ከመቀመጫው ኋላ ወለሉ ስር ነው።

ኤር ክሊነሩን አውርድ። የዘንጉን ጫፍ በሁለት ጣት ይዘህ ወደ ላይ ወደ ታች ነቅንቀው። ቀጭ ቀጭ ካለ በዚያ በኩል አየር እየሳበ ነው፤ ሚኒሞህ የማይረጋው ለዚህ ነው። አንዳንዱ ሞተሩ እየሠራ ማጽጃ እየረጨ ይፈትሻል። ከጋለ ጭስ ማውጫ በላይ የሚቀጣጠል ነገር አልረጭም፣ አንተም እንዳትረጭ። አሜሪካ በተሸጡት ላይ ደግሞ በስሮትሉ ሳህን ላይ ትንሽ ባለሞላ ቫልቭ አለች። ሞላዋ ከደከመ ሚኒሞው አልወርድ ይላል።

ቀጥሎ ከካርቡራቶሩ አናት ላይ ያለውን ክዳን ፍታና ዘይቱን እይ። እዚህ ላይ ትንሽ ላውራ፣ ይህን ዕቃ ስለምወደው ነው። አብዛኛው ሌላ ካርቡራቶር ጉሮሮው አይሰፋም አይጠብም፤ ብዙ ቀዳዳ አለው። ኤስዩ ግን አንድ የቤንዚን ቀዳዳና አንድ ሾጣጣ መርፌ ብቻ ነው ያለው። ደወል በሚመስለው ቤት ውስጥ ፒስተን ተቀምጧል። ስትረግጥ የሞተሩ ስበት በፒስተኑ ሆድ አልፎ ከበላዩ ይደርሳል። ከታች ያለው የውጭ አየር ፒስተኑን ይገፋዋል፣ ይነሳል። ሲነሳ ጉሮሮው ይሰፋል፣ መርፌውም ከቀዳዳው ይወጣል። አየሩም ቤንዚኑም አብረው ይጨምራሉ። ድንገት ስትረግጥ ግን ፒስተኑ ዘሎ ሊነሳ ይፈልጋል። ከዘለለ አየሩ ይቀድማል፣ ቤንዚኑ ይዘገያል፣ ሞተሩም ይተፋል። ዘይቱ ለቅጽበት ይይዘዋል። በዚያች ቅጽበት ቀዳዳው ላይ ያለው ስበት ይበረታል፣ ቤንዚን በደንብ ይወጣል። ሌሎች በፓምፕ የሚሠሩትን ይህ በጥቂት ዘይት ይሠራዋል! 20 ቁጥር ዘይት ጨምር። ክዳኑን ስትመልስ፣ ጥርሱ ከመያዙ በፊት እጅህን የሚገፋ ነገር ሊሰማህ ይገባል።

በላክልኝ ፎቶ ላይ በካርቡራቶሩና በማኒፎልዱ (ድብልቁን ወደ ሞተሩ በሚያስገባው ቱቦ) መካከል ሲሊኮን ወጥቶ አየሁ። ይህ በጣም ያናድደኛል። ተራው ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ይላላል፣ አየርም ያስገባል። ፍቀህ ጨርሰውና የወረቀት ጋስኬት ግጠም። በርካሽ ኪት ዘንጉን ብቻ መቀየርም ዋጋ የለውም፤ ዘንጉ የሚያልፍበት የካርቡራቶሩ ቀዳዳ ራሱ ሞላላ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ቶርኖ ቤት ወስደህ ቀዳዳውን አስፍተው ቡሽንግ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ይግጠሙበት። ደወሎቹን እንዳታቀያይር፤ እያንዳንዱ ከራሱ ፒስተን ጋር ተለክቶ የተሠራ ነው። ብርጭቆ ወረቀትም አታስነካቸው፤ በቤንዚንና በጨርቅ ብቻ። የቤንዚን ቱቦ ስትገዛ ኢታኖል (ቤንዚን ውስጥ የሚቀላቀል አልኮል) ይችላል የሚል የተጻፈበትን ፈልግ።

ይህን ሁሉ ሠርተህ ካልተስተካከለ ስለ ዌበሩ እናወራለን። የራሱን ማኒፎልድ ይፈልጋል፣ ጅግለሩም (ቤንዚኑን የሚለካው ቀዳዳ) ለዚህ ሞተር መመረጥ አለበት።

ገጥመህ ስትጨርስ ቶሎ አታስነሳ። የባትሪውን ገመድ መልስ፣ ቁልፉን ክፈትና አዳምጥ። ከኋላ ያለው የቤንዚን ፓምፕ ቲክ ቲክ ብሎ ማቆም አለበት። ካላቆመ ቤንዚን የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ወዲያው ዝጋ፣ ጭስ ማውጫው ላይ ጠብታ መኖሩን እይ። እሳት ማጥፊያውን ቀድመህ አጠገብህ አስቀምጥ።