ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ቤት ሲውሉ በነፃ ምን አለ? ላልሽው እህቴ

ትምህርት ቤቱ ለእድሳት ተዘግቶ 1ኛ ክፍሏ ልጅሽና 4ኛ ክፍሉ ወንድሟ ቤት እንደዋሉ፣ ዋይፋይ እንደሌለ፣ ያለሽም አንድ ስልክ እንደሆነ የጻፍሽውን አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም፣ በ2012 እኔም ልክ እንደዛ ነበርኩ። ያኔ ካዛንቺስ ነበርን፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት መጋቢት 7 ቀን ለ15 ቀን ተብሎ ተዘጋ፣ 15 ቀኑ ወር ሆነ፣ ወሩ ክረምት ሆነ፣ ልጆቼ ክፍል የተመለሱት በ2013 ነው። ትልቁ 5ኛ ትንሿ 2ኛ ነበሩ።

መጀመሪያ የተሳሳትኩትን ልንገርሽ። ያገኘሁት የቴሌግራም ቻናል ሁሉ ውስጥ ገባሁ፣ ወርክሺት ነው ቪዲዮ ነው የመጣውን ሁሉ ሳወርድ ስልኩ ሞላ፣ ዳታው አለቀ፣ ልጁም ትምህርት ላይ ነኝ ብሎ ስልኩን ይዞ ጥግ ይቀመጥና ትንሽ ቆይቼ ሳይ ሌላ ነገር ከፍቷል፣ ትንሿ ደግሞ ተራዬ አልደረሰም ብላ ታለቅሳለች። ሦስት ሳምንት እንደዚህ አለቀ። ከዛ በኋላ ነው የገባኝ፣ አንድ ስልክ ላለው ቤት የሚሆነው አንዴ አውርደሽ ወይ ፕሪንት አድርገሽ ስልኩን ካስቀመጥሽ በኋላ የሚሠራ ነገር ነው። አሁንም የምመክርሽ ከዚህ ተነስቼ ነው።

ለትንሿ ከምንም በላይ ንባቡን ያዢ። የኔዋ ካርዷ ላይ ጥሩ ውጤት ነበራት፣ መጽሐፏንም ታነብልኝ ነበር፣ አንድ ቀን ከመጽሐፉ ውጪ አንድ መስመር ጽፌ ብሰጣት ግን አቃታት፣ ለካ ገጹን በቃሏ ይዛው ነው። "ሞ" የቷ ናት ስላት መ ሙ ሚ ማ ሜ ም ሞ ብላ ቆጥራ ነው የምትደርስባት። በጣም ነው የደነገጥኩት፣ ግን ትምህርት ቤት ባይዘጋ መቼም አላውቀውም ነበር። እና ካርቶን ቆራርጬ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጻፍኩና ቀላቅዬ፣ በቀን አስር አስር ብቻ፣ ከቅደም ተከተላቸው ውጪ እያነሳሁ አስጠራኋት። ሳድሱን፣ ማለት ስድስተኛውን እንደ ም ያለውን፣ ወደኋላ አቆዪው፣ መልኩ በየፊደሉ ስለሚለያይ ልጆች የሚደናገሩት እሱ ላይ ነው። ከዛ አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለ፣ የአማርኛ ተረቶችም አሉት፣ ገጹ ላይ ስዕልና ጥቂት መስመር ብቻ ነው፣ ማውረድም ፕሪንት ማድረግም ይቻላል። የተወሰኑትን ፕሪንት አስደርጌ በመርፌ ክር ሰፋኋቸው። ማታ ማታ ለእናቴ ታነብላት ነበር፣ እናቴ ፊደል ስላልቆጠረች የምሯን ነው የምትሰማት፣ "እሺ፣ ከዛስ?" ስትላት ልጅቷ ቶሎ ቶሎ ለመድረስ ትጣደፋለች። እኔ ቁጭ ብዬ ካስጠናኋት ይልቅ ያስነበባት እሱ ነው። ቤት ውስጥ አያት ወይ ጎረቤት እማማ ካሉ አስቀምጪላት።

ቲቪ ታያለች ካልሽ ፀሐይ መማር ትወዳለችን ዩቲዩብ ላይ ታገኚዋለሽ፣ ቀጭኔዋ፣ በአማርኛ የተሠራ ስለሆነ ልጁ ሳይጨናነቅ ይከተላል። ካን አካዳሚ ኪድስ የሚባለው የስልክ አፕም ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ከ2 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች ነው፣ ግን እንግሊዝኛ ስለሆነ ለእንግሊዝኛው ብለሽ ብትጠቀሚው ይሻላል፣ ለሒሳብ ብለሽ ብትሰጫት ቋንቋው ነው የሚያደክማት።

4ኛ ክፍሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ አዲስ አበባ ውስጥ በአብዛኛው የሚማረው በአማርኛ ነው፣ ስለዚህ የራሱ መጽሐፍ ይቅደም። መጽሐፍ አልደረሰውም ከሆነ ፒዲኤፉ አለ፣ ግን ተጠንቀቂ፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የገባው በ2015 ስለሆነ ከዛ በፊት የነበሩት ፒዲኤፎች አሁንም ቴሌግራም ላይ ይዞራሉ፣ ሽፋኑን ሳታዪ እንዳታወርጂ። ትልልቅ ፋይል ካለሽ የሌሊት ጥቅል ግዢና ሌሊት አውርጂው፣ ብዙ ይቀንስልሻል። ሬዲዮም አትናቂ፣ የአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ ሬዲዮ 94.7 ነው፣ በ2012 በሱ ትምህርት ይተላለፍ ነበር፣ እኛ ቤት ልጁ ደብተር ይዞ ይሰማ ነበር፣ ስልኩም እረፍት አገኘ።

ሒሳብ ላይ የኔ ልጅ የተነሳው በጉሊት ሒሳብ ነው። የቤቱን ወጪ እሱ ይጻፍ አልኩት፣ ሽንኩርት ስንት፣ ዘይት ስንት፣ ታክሲ ስንት፣ ቅዳሜ ይደምርና ከሰጠሁት ብር ይቀንሳል፣ ካልገጠመ ስህተቱን ራሱ ፈልጎ ያገኛል። ክፍልፋይ ደግሞ በእንጀራ አስተማርኩት፣ ስምንት ቦታ ቆርጠን ሁለት ስምንተኛና አንድ አራተኛ እኩል መሆናቸውን አይቶ "እንዴ!" ሲል አልረሳውም። ሳይንስ ከወደደ ፌት የሚባል የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሙሌሽን አለ፣ ነፃ ነው፣ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ባትሪና አምፖል የሚያገናኝበት አለ፣ ኮምፒውተር ካገኛችሁ ሞክሩት።

ያኔ ያልነበረ አሁን ያለ ነገር ደግሞ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ነው። 4 ኪሎ፣ በ2014 ነው የተከፈተው፣ መግቢያ አይከፈልም፣ የልጆች ቦታ አለው። እኔ በሳምንት ሁለት ቀን ሁለቱንም ይዤ ሄጄ ቢሆን ብዬ አሁን ድረስ እቆጫለሁ፣ አንቺ ግን ዕድሉ አለሽ፣ ጠዋት ሂጂ።

ሰዓት ላይ ብዙ አትጨነቂ፣ እኛ ከቁርስ በኋላ ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር የምንሠራው፣ ግን በየቀኑ በዛው ሰዓት። ተረቶቹ ፍላሽ ላይ አሉኝ፣ ፕሪንት ያደረግኳቸውም አሁንም አሉ፣ ትንሿ አድጋባቸዋለች። 4 ኪሎ የምትመጪ ከሆነ ኢንቦክስ አድርጊልኝ፣ አመጣልሻለሁ።