ቀድሞ አፍ ውስጥ ነው የሚገባው፦ ስለ ሕፃናት የእንጨት መጫወቻ ጥያቄና መልስ

ሐዋሳ ውስጥ እንጨት ሥራ ላይ ነኝ፤ ለትንንሽ ልጆች መጫወቻ እሠራለሁ። ሰሞኑን ከወላጆች የመጡልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ እዚህ እመልሳለሁ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ አዲስ ነገር ሲያገኝ መጀመሪያ የሚቀምሰው በአፉ ነው። ስለዚህ ከማማሩ በፊት ሲላስ፣ ሲነከስ፣ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን እናስብ።

ጥያቄ፦ ልጄ ዓመት ከሁለት ወር ሆናታል። ከምን እንጨት የተሠራ ልግዛላት? (ከአቶቴ)

መልስ፦ ዋንዛ ካገኘሽ ዋንዛ ግዢ። አይከብድም፣ ለመላጊያ ይመቻል፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ደህና አድርጎ ይለሰልሳል። ዛፉ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ለመጫወቻ ግን ከቤት ዕቃ ሠሪዎች የሚተርፈው ቁርጥራጭ ይበቃል። ወይራ ጠንካራና ውብ ነው፣ ግን ይከብዳል፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ልጅ ያገኘውን ይወረውራል። ጽድ ሽታው ደስ ይላል፣ ግን ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ስንጥሩም ክፉ ነው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል። ከዓይነቱም በላይ መድረቁን ጠይቂ። እርጥብ ሆኖ የተሠራ መጫወቻ ቤት ከገባ በኋላ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ጣት ይቆነጥጣል፣ ቆሻሻም ይይዛል።

ልስላሴውን ለማየት አሮጌ የሴት ናይለን ካልሲ እጅሽ ላይ አጥልቂና መጫወቻውን ዙሪያውን እሺው። ክር የያዘበት ቦታ ስንጥር አለ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ቀይና ቢጫ የተቀቡ ኩቦች አየሁ። በጣም ያምራሉ፤ ግን የት እንደተሠሩ አይታወቅም። ልግዛ?

መልስ፦ ኧረ ይቅርብህ ወንድሜ። ስለ ቀለም ትንሽ ላስረዝም፣ ምክንያቱም ትልቁ አደጋ እዚህ ነው። አንዳንድ ቀለም፣ በተለይ ደማቅ ቢጫ፣ ቀይና ብርቱካናማ የዘይት ቀለም፣ ሊድ የሚባለው እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳቱም በኋላ በሕክምና አይመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ትንንሽ ልጆች ከዋጡት እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚገባው ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ነው፤ ምንም ያህል ቢያንስም ጉዳት የለውም የሚባል መጠን የለም። አገራችን በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) የሚገድብ ደንብ አላት። ነገር ግን የተቀባው ቀለም ምን እንደሆነ ሻጩ ራሱ ካላወቀ ደንቡ አንተ ቤት አይደርስም።

እርጥብ ነጭ ጨርቅ ወስደህ እሸው። ቀለሙ ከለቀቀ ተወው። ካልለቀቀም እርሳስ የለበትም ማለት አይደለም። ስለዚህ ለዚህ ዕድሜ ያልተቀባ ነው የምመክረው። ልጁ ቀለሙን ስላጣ አይከፋውም፤ ቀለም የምንወደው እኛ ነን።

ጥያቄ፦ ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ አሮጌ ፓሌት (ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት መደብ) ይሸጣል። ቤት ደግሞ የድሮ በር አለ። ከነሱ ብሠራስ?

መልስ፦ በሩን እርሳው። የድሮ ቀለም ሲፋቅ አቧራው ራሱ መርዝ ነው፤ ግቢ ውስጥ እንኳ አትፋቀው። ፓሌት ላይ ግን የተተኮሰ ማኅተም ፈልግ። ኤችቲ (HT) ካለው በሙቀት የታከመ ነው፤ የእንጨቱ ውስጥ ድረስ 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ 30 ደቂቃ ቆይቷል። ኤምቢ (MB) ካለው ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ ታጥኗል፤ እሱን አትንካ። ኤችቲም ሆኖ ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበት የሚመስለውን ተወው። ምስጥ እንዳይበላው የተነከረ፣ አረንጓዴ የሚመስል የምሰሶ እንጨትም ለልጅ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ቅቤ ብንቀባውስ? እኛ ዕቃችንን በቅቤ ነበር የምናሸው። (አያት፣ ታቦር)

መልስ፦ እማማ፣ ቅቤ ይሻግታል፣ ጉንዳንም ይጠራል። የተልባ ዘይት ይሻላል፤ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። በስሱ ይቀቡት፣ የተረፈውን ይጥረጉት፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ሳምንት ሁለት ሳምንት ያቆዩት። ከዚያ ንጹሕ ሰም ትንሽ ቢያሹበት ያምራል። ከቀለም መሸጫ የሚገኘው ቶሎ የሚደርቅ የተልባ ዘይት ግን ማድረቂያ ብረት ነክ ኬሚካል ስለሚገባበት ለዚህ አይሆንም፤ ለምግብ የሚሸጠውን ይጠቀሙ። አንድ አደራ አለኝ፦ የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልለው አያስቀምጡ። ራሱን በራሱ አሙቆ እሳት ሊነሳ ይችላል። ዘርግተው ያድርቁት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት።

ጥያቄ፦ መጠኑ ምን ያህል ይሁን?

መልስ፦ የሶፍት ካርቶን ጥቅሉን ያዢ። በውስጡ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ኳስ ከሆነ ስፋቱ ከ4.5 ሳንቲ ሜትር ይበልጥ። ኩብ 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለትንሽ እጅ ይመቻል፣ አይዋጥምም። በገመድ የሚጎተት ከሆነ ገመዱ አጭር ይሁን፣ አንድ ስንዝር ይበቃል፤ ጫፉ ላይ ማነቂያ የሚሆን ቀለበት አይኑርበት።

ልጆች ባጃጅ ስለሚወዱ ሐዋሳ ውስጥ የእንጨት ባጃጅ ብዙ ይጠየቃል። ጎማውን ይዘሽ ጠምዝዢ፣ ሳቢ፣ ደህና አድርገሽ ታገይው። በሚስማር ብቻ የተያዘ ጎማ አንድ ቀን ይወልቃል፤ ያኔ ልጁ እጅ ላይ ሚስማርም ጎማም ይቀራል። እኔ አክስሉን (ጎማዎቹን የሚያገናኘውን ዘንግ) ከእንጨት አድርጌ ጫፉን በኮላ አጣብቃለሁ።

ጥያቄ፦ ለመራመድ እንዲረዳው መቀመጫ ያለው ባለ ጎማ ልግዛለት?

መልስ፦ አይሆንም። ካናዳ መሸጡን በ2004 እ.ኤ.አ. ከልክላለች፤ ልጆች ይዘውት ከደረጃ ላይ ይወድቃሉ። መቆም ለጀመረ ልጅ ከኋላ የሚገፋ የእንጨት ጋሪ ይሻላል። ሲይዘው ወደ ኋላ እንዳይገለበጥበት ውስጡ ከበድ ያለ ነገር ጨምርበት።

ጥያቄ፦ እንዴት ይታጠባል?

መልስ፦ አይዘፈዘፍም። ሳሙና በነካ እርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፣ ጥላ ውስጥ አድርቂው። ክረምት ላይ በተለይ ከላስቲክ ከረጢት አውጪው፤ ይሻግታል።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ የኔን ገበጣ ይወዳል። ልተውለት? (አባት፣ አዲስ ከተማ)

መልስ፦ አባባ፣ እንጨቱን ይተዉለት፣ ጠጠሩን ያንሱ። በምትኩ ለእጁ የሚበቁ ትልልቅ ኩቦች ይስጡት፤ ከጉድጓድ ጉድጓድ ያዛውራል። በጠጠር ፈንታ የሚጫወቱት በጉሎ ፍሬ ከሆነ ግን እሱ ቤት ውስጥም አይኑር፤ ተነክሶ ከተዋጠ ይመርዛል።

ጥያቄ፦ ፕላስቲክ መጥፎ ነው?

መልስ፦ ሁሉም አይደለም። የምፈራው ትንሽ ክብ ባትሪና ማግኔት ያለበትን ነው። የባትሪው ክዳን በብሎን ካልታሰረ አትግዛ።

ጥያቄ፦ ብዙ ገዛሁለት፣ ቶሎ ይሰለቸዋል። ምን ልጨምር?

መልስ፦ አትጨምሪ፣ ቀንሺ። ግማሹን ሣጥን ውስጥ ደብቂና በሳምንቱ አለዋውጪ። ከሁሉም የሚቆየው ተራ ኩብ ነው። በ18 ወር ገደማ ሦስት አራት ይደረድራል፣ ሁለት ዓመት ሲሞላው ስድስት ይደርሳል፤ ከዚያ አጥር፣ ቤት፣ የባጃጅ ማቆሚያ ይሆናል። ለመጀመር ከ12 እስከ 16 ኩብ ይበቃል። ሠፈርሽ ያለ እንጨት ሠራተኛ ከቁርጥራጩ ይቆርጥልሻል። ጠርዞቹን እንዲያለሳልስ፣ መጨረሻ ላይ በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እንዲያሸው ንገሪው። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ፣ ሲደርቅ የሚነሳውን ቃጫ እንደገና ይሸው።