ከጤና ትምህርቴ ጎን አንትሮፖሎጂ ልውሰድ?

ጥያቄ፦ የሕብረተሰብ ጤና ተማሪ ነኝ። ጎን ለጎን አንትሮፖሎጂ ልማር ስል ጓደኞቼ «ምን ሊያደርግልሽ?» ይሉኛል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል? (ሦስተኛ ዓመት፣ ከጅማ)

መልስ፦ ልጄ፣ ውሰጂው! አንትሮፖሎጂ የሰውን አኗኗር፣ ባህልና እምነት የሚያጠና ትምህርት ነው። ብዙ ዓመት በጤና ሥራ ላይ ስለቆየሁ ጥቅሙን አውቀዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2014 ኢቦላ ጊኒን፣ ላይቤሪያንና ሴራሊዮንን አስጨነቀ። ሬሳ ማጠብና መንካት በሽታውን ያዛምት ነበር። ከላይ እስከ ታች የተሸፈኑ ሠራተኞች መጥተው ሬሳውን በከረጢት ይዘው ይሄዳሉ። ቤተሰብ እንዴት ይቻለው? ሟቹን ደብቆ በስውር የቀበረ ብዙ ነው። ሬሳ አትንኩ የሚለው ምክር ትክክል ነበር፤ ሐዘንተኛውን ግን ማንም አልጠየቀውም።

አንትሮፖሎጂስቶች ለቅሶ ቤት ገብተው ጠየቁ፣ አዳመጡ። ከዚያ በኋላ ቤተሰብ ራቅ ብሎ ቀብሩን እንዲያይ፣ የሃይማኖት አባት እንዲጸልይ፣ ሙስሊም ሟች እንዲከፈን ተፈቀደ። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት የቀብር መመሪያውን በዚህ መንፈስ አወጣ።

ዋና ትምህርትሽን አትልቀቂ። ከመግቢያው ኮርስ ቀጥሎ የመስክ ጥናት ዘዴን ውሰጂ፤ ዋናው ቁም ነገር እዚያ ነው። የመመረቂያ ጥናትሽንም መጠይቅ ብቻ አታድርጊው። እናቶች ቡና ሲጠጡ አብረሽ ተቀመጪ፣ ልጅ ሲታመም መጀመሪያ ማን ጋ እንደሚሄዱ ጠይቂያቸው።