ጅረት ያለበትን ትንሽ ዋሻ ስለመፈተሽና ካርታውን ስለመሥራት፦ ጥያቄና መልስ

ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ ጅረት ስለሚሄድባት ትንሽ ዋሻ ካወራን ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። እዚሁ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። የኔ ነገር ልኬትና ካርታ ነው፤ ሌላውን በአጭሩ አልፋለሁ። አስቀድሜ ግን ልናገር፦ ክረምት ላይ ጅረት ያለበት ዋሻ አይገባም። በበጋም ቢሆን ደጋው ላይ ደመና ካለ አይገባም።

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ ዋሻው አካባቢ ሰማዩ ጥርት ካለስ?

አንተ ያለህበት ሰማይ ምንም አይነግርህም። የኖራ ድንጋይ አገር ላይ ዝናቡ በየስንጥቁ ይሰርግና ታች ዋሻው ውስጥ ይገናኛል። ደጋ ላይ የጣለው አንተ ጋ ደራሽ ሆኖ ይመጣል፤ አንተ ግን ጠብታ አላየህም። ስለዚህ ስትገባ መጀመሪያ ግድግዳውን እይ። የበቆሎ አገዳ ወይም ቅጠል ከራስህ በላይ ስንጥቅ ውስጥ ተሰክቶ ካገኘህ፣ ውሃው እዚያ ድረስ ሞልቶ ነበር ማለት ነው። ውስጥ እያለህ ውሃው ከደፈረሰ፣ አረፋና ቅጠል ይዞ ከመጣ ወይም ድምፁ ከተለወጠ፣ ዕቃ ልሰብስብ አትበል፤ ውጣ። መውጫው ከራቀ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ውጣና ጠብቅ።

ታይላንድ ውስጥ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 2018 አሥራ ሁለት ልጆችና አሠልጣኛቸው ታም ሉዋንግ ዋሻ ገቡ፤ ውሃው መውጫውን ዘጋባቸው። ሁሉም በሕይወት ወጡ፤ የመጨረሻዎቹ የወጡት ጁላይ 10 ነው፤ ለነሱ ሲል የሞተ ጠላቂም አለ። ለአዳኞቹ ከጠቀሟቸው ነገሮች አንዱ ቀድሞ የተሠራ የዋሻው ካርታ ነው። እኔ ካርታ ካርታ የምለው ለዚህ ነው።

ከሐዋሳ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመለካት ምን እንያዝ? እንዴትስ ይሠራል?

ይሄ ጥያቄ ነው! ኮምፓስ፣ ክሊኖሜትር (ተዳፋት በዲግሪ የሚለካ መሣሪያ)፣ የ30 ሜትር ቴፕ፣ እርሳስና ውሃ የማይጎዳው ደብተር። እስክሪብቶ ተዉት፤ እርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም።

ሥራው እንዲህ ነው። አንዷ ፊት ትሄድና ቀጣዩን የመለኪያ ነጥብ ትመርጣለች፤ መብራቷን እዚያው ነጥብ ላይ ታደርጋለች። ሌላው ከኋላው ነጥብ ላይ ሆኖ ርቀቱን፣ የኮምፓሱን አቅጣጫና ተዳፋቱን ያነባል። ጸሐፊው የሰማውን ጮክ ብሎ ይደግመዋል። ጅረቱ ስለሚጮህ «አርባ» እና «አርባ አራት» ይምታታሉ፤ ሳይደግም የሚጽፍ ጸሐፊ አትያዙ። ከዚያ የፊተኛዋ ወደ ኋላ ታነባለች። አንተ 64 ዲግሪ ካልክ እሷ ተቃራኒውን፣ 180 የተጨመረበትን፣ 244 ማለት አለባት። ከሁለት ዲግሪ በላይ ከተለያያችሁ ሁለታችሁም እንደገና አንብቡ። ሁለት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ ግን በ10 ሜትር ላይ 35 ሳንቲ ሜትር ያስታል፣ በ100 ሜትር ላይ ሦስት ሜትር ተኩል።

በየነጥቡ ደግሞ እስከ ግራና ቀኝ ግድግዳው፣ ወደ ላይ እስከ ጣሪያው፣ ወደ ታች እስከ ወለሉ ስንት እንደሆነ ለኩ። የውሃውን ጥልቀትም ጻፉ፤ የሚፈስበትን አቅጣጫ በቀስት አመልክቱ። ንድፉን እዚያው ቁጭ ብላችሁ ሣሉት። ቤት ገብቼ እሥለዋለሁ ያለ ሰው የሚሥለው ያየውን ሳይሆን የመሰለውን ነው።

ብረት ከኮምፓሱ አርቁ። የራስ ባትሪ፣ ቢላ፣ የገመድ መንጠቆ፣ የብረት ፍሬም ያለው መነጽር ሁሉ መርፌውን ይስባል።

ከሐዋሳ፣ ድጋሚ፦ ቴፑ ያነበበውን በቀጥታ ካርታው ላይ እናድርገው?

አይሆንም። መሬቱ ተዳፋት ነው። በ30 ዲግሪ ቁልቁል 10 ሜትር ከለካችሁ፣ አግድም የሄዳችሁት 8.66 ሜትር ነው፤ የወረዳችሁት 5 ሜትር። ሰርቬክስ ወይም ቴሪዮን የሚባሉት ፕሮግራሞች ይህን ያሰሉላችኋል፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው።

ከድሬዳዋ፦ ዋሻው በትክክል የት ነው?

አልናገርም።

ከአዲስ አበባ፦ ምን ዓይነት ካሜራ ይሻላል?

ካሜራ አላውቅም። ውሃ የማያስገባ ይሁን።

ከሜሪላንድ፦ አሁን እኮ ስልክ በሌዘር ሙሉ ዋሻ ስካን ያደርጋል። ኮምፓስ ለምን አስፈለገ?

*ሌላ አባል፦* ወንድሜ፣ የስልክ ሌዘር አምስት ሜትር ገደማ ነው የሚደርሰው። ሰፋ ያለ አዳራሽ ስትገባ ምን ልታደርግ ነው?

*ከሜሪላንድ፦* ዞር ዞር እያልኩ እወስዳለሁ። እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ያምራል።

*ሌላ አባል፦* ማማሩን ማን ጠየቀህ? ስህተቱ ሲደማመር ዋሻው ይጣመማል። ውሃ ላይ ደግሞ ነጸብራቁ ያሳስተዋል።

*ሦስተኛ አባል፦* ይሄ ሁሉ ለአንድ ትንሽ ጉድጓድ ነው? ገብቶ ማየት አይበቃም?

በቃ ልግባበት። ስካኑን ውሰዱ፣ ግን በተለኩ ነጥቦች ላይ እሰሩት። ሌዘር ከወደዳችሁ ዲስቶ ኤክስ የሚባለው መሣሪያ ርቀትን፣ አቅጣጫንና ተዳፋትን ባንዴ ያነብና ስልክ ላይ ወዳለው ቶፖድሮይድ የሚባል የዋሻ ካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ይልካል። እሱም ብረት አይወድም። ለሦስተኛው አባል፦ ሶፍ ዑመር 15 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ የምናውቀው ሰዎች በነጥብ በነጥብ ስለለኩት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የእንግሊዝ ዋሻ አጥኚዎች መጥተው ሠርተውበታል። ወይብ ወንዝ አለት ውስጥ ገብቶ ሲጠማዘዝ ያየው ብዙ ነው፤ መንገዱን ለሌላ ሰው ማስረዳት የቻለው ግን የለካው ነው። ትንሿም ዋሻ ይህ ይገባታል።

ከጅማ፦ ብቻዬን ብገባ ችግር አለው?

አለው። ቢያንስ አራት ሁኑ። አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቆያል፣ ሁለቱ እርዳታ ይጠራሉ። በነፍስ ወከፍ ሦስት መብራት ያዙ፤ የስልክ መብራት አይቆጠርም። ውጭ ለሚቀር ሰው የምትወጡበትን ሰዓት ንገሩ። ሰዓቱ ካለፈ ማን ጋ እንደሚደውል ይወቅ።

ከጎንደር፦ የሌሊት ወፍ ያስፈራል?

ወፎቹን አትንኩ፣ ኩሳቸውን አታቡንኑ፣ ማስክ አድርጉ። አቧራው ውስጥ ሳንባ የሚያሳምም ፈንገስ ይኖራል። ዑጋንዳ ውስጥ የሌሊት ወፍ የሞላበት ዋሻ የጎበኘች ሆላንዳዊት እ.ኤ.አ. በ2008 በማርበርግ ቫይረስ ሞታለች። የቀረውን ሐኪም ጠይቁ።

ከደሴ፦ ጣሪያው ውሃውን ከነካ ጠልቄ ብወጣስ? ማዶው ላይ አዳራሽ ቢኖርስ?

አትጥለቅ። እዚያ ጋ ዋሻው ለአንተ አልቋል። «ውሃ» ብለህ ካርታው ላይ ጻፍና ተመለስ።

ከአዋሽ፦ ነሐሴ ላይ እረፍት አለኝ፣ ጠዋት በማለዳ ገብተን ቶሎ ብንወጣስ?

ከላይ ያለውን አላነበብከውም ማለት ነው። ክረምት ላይ አይገባም። በማለዳም አይገባም፤ ሌሊት የዘነበው ጠዋት ይደርሳል።

ከድሬዳዋ፣ ድጋሚ፦ ቢያንስ ወረዳውን ንገረን እንጂ!

አልናገርም ብያለሁ። የጣሪያው ጠብታ የሠራት ነጭ ድንጋይ አንዴ ከተሰበረች በእኛ ዕድሜ አትተካም። ልብ ብላችሁ ልትለኩ ከሆነ በግል ጻፉልኝ፣ ማን ማን እንደሆናችሁ ንገሩኝ።

ከሮቤ፦ ካርታው ሲያልቅ ለማን ይሰጣል? የአካባቢው ሽማግሌዎች ጠይቀውናል።

ጎሽ፣ የምወደው ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ለነሱ። ቦታው የዱዓ ወይም የጸሎት ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ሳትገቡም ማስፈቀድ ነበረባችሁ። ካርታው ላይ የለካችሁበትን ቀን፣ መለኪያውን፣ የካርታውን ስኬልና የሰሜን ቀስቱን ጻፉ። ሰሜኑ የኮምፓሱ ይሁን ትክክለኛው ሰሜን ለዩት፤ በጥቂት ዲግሪ ይለያያሉ፣ ልዩነቱም ከዓመት ዓመት ይቀየራል። ደራሽ የደረሰበትን ከፍታ ደግሞ በግልጽ አስምሩበት። ሽማግሌዎቹ ከብት የሚጠብቁ ልጆቻቸው ፀሐይ ሲበረታ ወዴት እንደሚገቡ ያውቃሉና፣ ያቺን መስመር ከሁሉም በፊት አሳዩአቸው።