መጽሔት ልታቋቁሙ ላሰባችሁ ልጆቼ

መጽሔት ልንጀምር ነው ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ ይሄው መልሴ። ዕድሜዬን በዚሁ ሥራ ጨርሻለሁ። ደጋግሜ የማስበው ግን አንድ አየርላንዳዊ አሳታሚ አለ። ሳሙኤል ማክሉር ይባላል። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1857 በሰሜን አየርላንድ፣ አንትሪም ተወለደ። አባቱ ገና በልጅነቱ ሞተ። እናቱ አራት ወንዶች ልጆቿን ይዛ አሜሪካ ገባች። ኮሌጅ ሲገባ ኪሱ ውስጥ የነበረው 15 ሳንቲም ነው።

በ1884 የጀመረው ሥራ በጣም ደስ ይለኛል። ከታወቀ ደራሲ አንድ ታሪክ ይገዛል። ያንኑ ታሪክ በየከተማው ላሉ ብዙ ጋዜጦች ለየብቻ በትንሽ ዋጋ ይሸጣል። አንዱ ጋዜጣ ብቻውን የማይችለውን ክፍያ ብዙዎቹ ተካፈሉት።

በ1893 ከኮሌጅ ጓደኛው ከጆን ፊሊፕስ ጋር በስሙ የሚጠራውን ወርኃዊ መጽሔት ኒው ዮርክ ላይ አወጣ። ዓመቱ ክፉ ነበር፤ ባንኮች ይዘጉ ነበር። ታላላቆቹ መጽሔቶች 25 እና 35 ሳንቲም ሲሸጡ እሱ በ15 ሸጠ። ሥዕልን በእንጨት ላይ በእጅ መቅረጽ ቀርቶ ፎቶግራፍን በርካሽ ማተም በመቻሉ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አይዳ ታርቤል የምትባል ጸሐፊ ፓሪስ ውስጥ በችግር ትኖር ነበር። ስለ ፓሪስ መንገዶች የጻፈችውን አንብቦ ቤቷ ድረስ ሄደ። ደረጃውን በሩጫ ወጥቶ “ያለኝ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው” አላት። ለሰዓታት አወራ። ሲወጣ 40 ዶላር ተበደራት። ደግነቱ ገንዘቡ በማግስቱ ተላከላት። እናንተም ጥሩ ጽሑፍ ስታዩ ጸሐፊውን ሄዳችሁ ፈልጉት፤ በኢሜይል አይደለም፣ በአካል።

ታርቤል የሮክፌለርን ነዳጅ ኩባንያ፣ ስታንዳርድ ኦይልን ልትመረምር ስትነሳ የመጀመሪያው ክፍል እስኪወጣ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። የፍርድ ቤት መዝገብ ታገላብጣለች፣ የምስክሮች ቃል ታነባለች፤ ደመወዟ ግን አልተቋረጠም። ጽሑፉ ከ1902 እስከ 1904 በማክሉር መጽሔት በ19 ክፍል ወጣ። በ1911 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኩባንያው እንዲበተን ወሰነ። አደራ፣ በጀት ስታወጡ አንድ ጸሐፊ ምንም ሳያወጣ ለወራት የሚኖርበትን ገንዘብ ከማተሚያ ወጪው በፊት አስቀምጡ። የብዙ መጽሔቶቻችን ድክመት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በጥር 1903 እትም የታርቤል፣ ስለ ከተማ ሹማምንት ጉቦ የሊንከን ስቴፈንስ፣ ስለ ከሰል ሠራተኞች አድማ ደግሞ የሬይ ቤከር ጽሑፍ አብረው ወጡ። ማክሉር ሦስቱን ሲያያቸው ነገሩ አንድ ሆነበት፤ ሀብታሙም ሹሙም ሠራተኛውም ሕግ እየናቀ ነው። ይህንኑ በአጭር ርዕሰ አንቀጽ ጻፈው። ከአንባቢ ቀድሞ ማየት ማለት ይሄ ነው።

በኋላ ግን ሐሳቡ ገደብ አጣ። ሌላ መጽሔት፣ ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ልክፈት አለ። በ1906 ፊሊፕስ፣ ታርቤል፣ ስቴፈንስና ቤከር ጥለውት ወጥተው ሌላ መጽሔት ያዙ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የራሱ መጽሔትም በዕዳ ከእጁ ወጣ። ያሳዝነኛል። ያን ሁሉ ሰው የሰበሰበው እሱ ነበር።

ቢሮውን ሲያስተዳድር የኖረው ፊሊፕስ ነው። ከናንተ መካከል ይህን ሥራ የሚይዘው ማን እንደሆነ ከአሁኑ ተነጋገሩ። ሒሳቡንም፣ እምቢ የማለት ሥልጣኑንም በጽሑፍ ስጡት።